ባዶ ነው ያልኩት መኪና

ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ሰው ገጭቼ አላውቅም። አንዲት ዶሮ አለች፣ እሷም ጥፋቱ የራሷ ነው። ቦንጋ ገብታችሁ "ገብረወልድ ሾፌሩ" ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ እንኳ ቤቴን ያሳያችኋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር የሚያሳፍር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሰው እንደነበርኩ እወቁልኝ ብዬ ነው።

አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እናቴ የካፋ ልጅ ናት። አባቴ ሲቆጣ በአማርኛ፣ እናቴ ስትቆጣ በካፊኖኖ ነበር፤ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቼ የተማርኩት ስሰደብ ነው ማለት ይቻላል። ቁጣውንም ከሁለቱም ወርሻለሁ። ሚስቴ አልጣሽ "የአንተ ሰላምታ ራሱ ጥል ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የምነዳው ከማንኪራ ወዲያ ላሉ የጫካ ቡናና የማር አምራቾች ማኅበር ነው። የነበረችን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ናት። በሯ በሽቦ ይታሰራል፣ መስኮቷ በእጅ ተገፍቶ ይወጣል፣ ጭስዋ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ከተማ ይገባል። ቦንጋ ውስጥ ሾፌሮች ተሰብስበን የምንቆምበት አንድ ሆቴል ደጃፍ አለ። እዚያ ስደርስ አብሮ አደጌ ሰብሃት፣ የመሥሪያ ቤቱን አብረቅራቂ መኪና ተደግፎ፣ "ገብሬ! ፈረሱን የት አሰርከው?" ይለኛል። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺኑ አንዲት ቀልድ! ሰው አይሰለቸውም?

እንግዲህ ዘንድሮ ማኅበሩ አዲስ መኪና ልግዛ አለ። ሥራ አስኪያጃችን ሚስጥር ትባላለች፤ ከጅማ የመጣች ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ ካፊኖኖዋ ግን ከሰላምታ አያልፍም። ሁለት ፕሮፎርማ ይዛ መጣች። አባላቱ በቡና መጋዘኑ ግቢ ተሰበሰቡ፤ እሷ በአማርኛ ልታስረዳ፣ እኔ ላስተረጉም። አማርኛ የሚሰሙ ጥቂቶች አይጠፉም፤ ስብሰባ ግን ሁሉም እንዲሰማ በካፊኖኖ ነው የሚደረገው።

"ዋጋቸው መጨረሻ ላይ እኩል ነው" አለች ሚስጥር። "የመጀመሪያው ፉል ኦፕሽን ነው። የቆዳ ወንበር፣ ኤሲ፣ ስክሪን፣ ካሜራ፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ሁሉንም ከፋብሪካ አሟልቶ ይመጣል። አምስት ሰው ይይዛል። ሁለተኛው ቤዝ ሞዴሉ ነው። ሞተሩ ያው ነው፣ ጌጥ ግን የለውም። በሚተርፈው ብር እኛ ራሳችን እናሳድገዋለን፤ የጭቃ ጎማ፣ ጭቃ ሲይዘው ራሱን በገመድ የሚጎትትበት ዊንች፣ ጭነት የሚችል ጠንካራ ባሌስትራ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ረጅም አግዳሚ ወንበር እናስገጥማለን። አሥር ሰው ያስቀምጣል። የታመመ ሰው ቢኖር ተዘርግቶ ይተኛበታል። ጋሽ ገብሬ፣ እባክዎ አንድ በአንድ ይንገሩልኝ።"

የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የእኛን የጭቃ መንገድ በክረምት የሚያውቅ ሰው የሚከፈት ጣሪያ ምን ይሠራለታል? ዝናቡን ሊቀበልበት? ግን የቆዳ ወንበር ስትል ሰብሃት ፊቴ ድቅን አለ። ተነሣሁና ጉሮሮዬን ጠርጌ በካፊኖኖ እንዲህ አልኳቸው፦

"ሁለት መኪና ቀርቧል። አንዱ ሙሉ ነው። አንዱ ባዶ ነው።"

በቃ። ይኸው ነው ያልኩት። እኛ ሾፌሮች ጌጥ የሌለውን መኪና "ባዶ" እንለዋለን፤ ስለዚህ ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኧረ ባክህ! ሰው ቤት ባዶ እጁን መሄድ ነውር የሆነበት ሕዝብ ፊት ቆሜ ባዶ ዕቃ ትገዛላችሁ ወይ ብዬ መጠየቄ ነው። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡና "ባዶ ማለት ሞተር የለውም?" ብለው ጠየቁ። "ሞተርስ አለው፣ ሌላ የለውም እንጂ" አልኳቸው። ሚስጥር ምን አሉ ብላ ስትጠይቀኝ "ወንበሩ እውነት ቆዳ ነው ወይ ይላሉ" አልኳት።

እጅ አውጡ ተባለ። ለሙሉው ሁሉም አወጣ። ሚስጥር ግራ ገብቷት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ጋሽ ገብሬ፣ ዊንቹንና አግዳሚ ወንበሩን በደንብ ነግረዋቸዋል?"

"በሚገባ እንጂ! እኔ ልሙት!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በራሴ ሞት ነው የማልኩት።

መኪናው መጣ። ወንበሩ ነጭ፣ እንደ ወተት። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ቦንጋን ሦስት ጊዜ ዞርኳት። ሆቴሉ ደጃፍ ሳቆም ሰብሃት መኪናዋን በዝምታ ዞሮ አያትና "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። ያን ቀን እራቴን የበላሁት እንደ ሙሽራ ነው። ለአልጣሽ ወገቤ በአሮጌዋ መኪና እንዳለቀና ይሄኛው መድኃኒት እንደሆነልኝ ነገርኳት። እሷ ቀና ብላ አየችኝና "ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ" አለች። ምን ለማለት ነው ብዬ ጮህኩባት። ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆንኩት ሰው እኔን ራሴን ይቀፈኛል። ወንበሩን ላስቲክ አለበስኩት። ላስቲኩ ላይ ደግሞ ጨርቅ። አንድ ቀን ኢያሱ የሚባል ወጣት ገበሬ የማር ጀሪካን ይዞ፣ ቦቲ ጫማ እንዳደረገ አንድ እግሩን ከማስገባቱ፣ "ቦቲህን አውልቅ! ይሄ የአህያ ጀርባ መሰለህ?" ብዬ አምባረቅኩበት። ልጁ ቦቲውን አወለቀ፣ ጭቃውን ወደ ውስጥ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና እስከ ቦንጋ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሳይነገራቸው ማውለቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ደግሞ ጭራሽ መሳፈር ተዉ። ሚስጥር "ሰዉ ለምን በእግሩ ይሄዳል?" ስትለኝ "ለምደውት ነው፣ መሄድ ይወዳሉ" አልኳት።

ሰኔ ገባ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አባርቷል። መኪናውን መጋዘኑ ጣሪያ ሥር አቁሜ በሩ ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ከታች በኩል፣ በእንሰቱ መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ፣ ስምንት ያህል ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ሲጣደፉ አየሁ። ትልቁ መንገድ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ለምን በዚያ ይሄዳሉ ብዬ ሻዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ቃሬዛው ላይ የተኛችው ህይወት ናት፣ የኢያሱ ሚስት። ምጥ ላይ ናት። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልወልድ ብላለች፤ የለበሰችው ጋቢ ከወገቧ በታች በደም ርሷል። ኢያሱ የፊተኛውን እንጨት ይዟል።

"እብዶች ናችሁ እንዴ?" አልኩ። "መኪና ቆሞ በቃሬዛ? ቦንጋ እኮ በዚህ ጭቃ የአራት ሰዓት መንገድ ነው!"

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ አባተ ከኋላ ሆነው፣ እያለከለኩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ደም ነው ልጄ። ያንተ ወንበር ነጭ ነው። ልናስቸግርህ አልፈለግንም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! "ግቡ! ግቡ በእግዜር!" ብዬ ጮህኩ። መኪናውን አመጣሁ። እናንተዬ፣ በዚያ ጭንቅ መሃል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አንዱ ሮጦ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ መጣና ወንበሩ ላይ አነጠፈ። ነጥቄ ወረወርኩት። ህይወትን አስገባናት፤ ግን የት ትተኛ? ወንበሩ አጭር ነው። ጉልበቷን አጥፋ፣ ጭንቅላቷ በሩን እየገጨ፣ ኢያሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ደግፏት ነው የሄደችው። ጋሽ አባተ ከፊት ገቡ። ለሌሎቹ ቦታ የለም፤ ከኋላችን እየሮጡ ቀሩ።

መንገዳችንን የምታቋርጠው ወንዝ ዳር ስንደርስ መኪናው ጭቃ ገባ። ለአስፋልት የተሠራ ለስላሳ ጎማ እየተሽከረከረ ጉድጓዱን ለራሱ ቆፈረ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቆንጆ ሥዕል እየበራች ታፏጭብኛለች። ካሜራው ደግሞ የኋላውን ጭቃ አጥርቶ ያሳየኛል፤ ላመስግነው? ዊንች ቢኖር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከኋላዬ ህይወት ትጮሃለች። መሪውን ይዤ አለቀስኩ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ያወጡን ያስቀረናቸው ሰዎች ናቸው። በእግራቸው ሮጠው ደረሱብን፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ገፉንና አወጡን። ሲጨርሱ አንዳቸውም እጃቸውን በመኪናው አልጠረጉም።

ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሞቹ ተሯሯጡላት፣ ቀደዷት፣ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ከቀትር በኋላ ነርሷ ወጥታ እናትም ልጅም በሕይወት አሉ አለችን። ጋሽ አባተ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው አማተቡ። እኔ ማማተብ እንኳ አፈርኩ፤ በየትኛው ፊቴ!

ወደ መኪናው ስወጣ የኋላው በር ተከፍቷል። ኢያሱ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከነርሶቹ የለመነውን ሳሙና፣ ውኃና ጨርቅ ይዞ፣ የሚስቱን ደም ከወንበሩ ላይ ይፈትጋል። ለማን ብሎ? ለእኔ ብሎ! እጁን ያዝኩት።

"ተው ወንድሜ። ተው በማርያም።"

"ሳይደርቅ ቢታጠብ ይለቃል ጋሽ ገብሬ። ትንሽ ነው የቀረው።"

እዚያው ተናገርኩ፤ መያዝ አልቻልኩም። "ኢያሱ፣ ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ዋሽቻችኋለሁ። ባዶ ነው ያልኳችሁ መኪና ባዶ አልነበረም። ዊንች ነበረው። ሚስትህ ተዘርግታ የምትተኛበት ወንበር ነበረው። ሚስጥር ሁሉንም ተናግራለች፣ እኔ ነኝ የዋጥኩት።"

ፍተጋውን አቆመ። ግን አልደነገጠም። ጨርቁን ጨመቀው፣ ዘረጋው፣ አጠፈው። ከዚያ ቀና ሳይል በጠራ አማርኛ ተናገረ።

"አውቃለሁ። ዋጫ ከተማ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ያን ቀን እሷ ያለችውንም እርስዎ ያሉትንም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ያን ሁሉ ሰው ፊት እርስዎን ውሸታም ልበል? በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ነዎት። ይሉኝታ ያዘኝ።" ያጠፈውን ጨርቅ እንደገና ዘረጋው። "ዛሬ ቃሬዛውን ተሸክሜ ስሄድ በየእርምጃው እሱን ነበር የማስበው። ለእርስዎ ክብር ስል ህይወትን ልቀብራት ነው እያልኩ። እኔም አፍሬያለሁ ጋሽ ገብሬ። ከእርስዎ አላንስም።"

እኔ ላዋርደው ቦቲውን ያሳቀፍኩት ልጅ፣ እሱ እኔን ላለማዋረድ አፉን ዘግቶ ኖሯል።

የኋላውን በር ዘጋና "ቅዳሜ ስብሰባ አለ" አለኝ። "ይነሡና ይንገሯቸው። ሚስጥርም እንድትሰማ በአማርኛ ይናገሩ። እኔ አስተረጉማለሁ።"

ቅዳሜ ሄድኩ። አልጣሽ "ታመሃል፣ ቅር" ብላኝ ነበር፤ ዓይኔን ስታየው ግን ጋቢዬን አቀበለችኝ። ግቢው ሞልቷል። ሚስጥር ከጎኔ ቆማለች፤ አስቀድሜ ለእሷ ነግሬያት ስለነበር ፊቷን አዙራብኛለች፣ ደግ አደረገች። ተነሣሁ። ያልኩትን፣ ያላልኩትን፣ ለአሮጊቷ የመለስኩትን፣ ለሚስጥር የማልኩትን፣ ሁሉን ተናገርኩ። ኢያሱ ከጎኔ ሆኖ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ አስተረጎመ። ስድብ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ አባተ ብቻ ከበትራቸው ላይ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ለምን?"

ወገቤን ያመኛል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቢያምኑኝም ያምኑኝ ነበር፣ ያዝኑልኝም ነበር። ግን ኢያሱ ከጎኔ ቆሞ የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቃል።

"ሆቴሉ ደጃፍ የሚቆሙ ሾፌሮች" አልኩ፣ "በአሮጌዋ መኪና ይስቁብኝ ነበር። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው።"

ኢያሱ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ተመልሶ በካፊኖኖ ነገራቸው፤ ስብሰባው ሁሉ ሰማ።

አንድም ሰው አልሳቀም።