በእኔ እጅ የተሞላው የአምሳለ ፎርም

አምሳለ የወንድሜ የታፈሰ ሚስት ናት። ጆሃንስበርግ በኖረችባቸው ሠላሳ ዓመታት ሳታነብ የፈረመችው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይገረም እባላለሁ፣ ፋርማሲስት ነኝ። የሐኪም ጽሑፍ ስለማነብ ይመስለኛል፣ በቤተሰባችን ፎርም መሙላት ከድሮ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው። የሆም አፌርስ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት መሥሪያ ቤቱ፣ ወረቀት በሉት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ በሉት፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ሰው ሲፈልገኝ ደስ ይለኛል።

አምሳለ የስታቲስቲክስ ሰው ናት። በሥራ ቦታ የዘር እኩልነት እንዲከበር የሚሟገት፣ ብራምፎንቴን ቢሮ ያለው ማኅበር ውስጥ ነበር የምትሠራው። የአገሩ ሕግ በአፓርታይድ ዘመን የተገፉት በቅጥርና በሹመት ቅድሚያ እንዲያገኙ ያዛል፤ ኩባንያዎችም ማንን በየትኛው ወንበር እንዳስቀመጡ በየዓመቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። እሷ ሪፖርቱን እያነበበች ውሸቱን ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ አንድ ኩባንያ ዳይሬክተር ብሎ የመዘገባትን ሴት ፍለጋ ከከተማ ወጣ ያለው ቶኮዛ ሰፈር ድረስ ሄደች። ለካ ሴትዮዋ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ኖራለች። ሹመቷን ከአምሳለ አፍ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አምሳለም አብራት አልቅሳ መጣች። "ወረቀት አይዋሽም፣ የሚዋሸው እጅ ነው" ማለት የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ሱቆች ሰፈር ያሉ ነጋዴዎቻችን ይቀልዱባት ነበር። የአገሩ ሰዎች ሱቃችንን ሲዘርፉ አንቺ ወንበር ታመቻቺላቸዋለሽ ይሏታል፤ እኔም አንዳንዴ አብሬ ስቄያለሁ። የእሷ መልስ አንድ ነው። እንደመጣች ሰሞን የሚከራይ ቤት ስትፈልግ ሦስት በር ላይ "ተይዟል" ብለው መልሰዋታል፣ ከመለሷት መሃል ግን ፓስፖርቷን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። የመለሷት ቆዳዋን አይተው ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኔም ነው ትላለች።

ወንድሜ በድንገት ያረፈው እሷ ለዚህ ሥራ በተወዳደረችበት ሰሞን ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ዓ.ም.። ከሌላ አንዲት ሴት ጋር ለመጨረሻው ዙር ቀርባ ነበር። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ከማኅበሩ ፎርም መጣ፣ እስከ ዓርብ ይመለስ ይላል። እሷ ማንበብ ቀርቶ ቀና ብላ ሰው ማየት ስላልቻለች ወረቀቱን እኔ ወሰድኩት። ፎርሙ ዜግነት ያገኘችበትን ቀን ይጠይቃል። ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከውጭ መጥቶ ዜጋ የሆነ ሰው ባጠቃላይ ከተገፉት የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ነፃ ምርጫ፣ በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 1994 በፊት ዜጋ ከሆነ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር። ታፈሰ የቤተሰቡን ነገር ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጀመሪያ ገጽ ይጽፍ ስለነበር ገጹን ገለጥኩ። ሠርጋቸው አለ፣ የልጃቸው የዮአዳን ልደት አለ፣ ከሥሩ ደግሞ "አምሳለ ዜግነት ያገኘችው የካቲት 18 ቀን 1994" ይላል። ወንድሜ የጻፈው በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። እኔ፣ በመድኃኒት መጠን ሰው የሚያምነኝ ሰውዬ፣ እንዳለ ገልብጬ አሰፈርኩት። በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰድኳት። ባበጠ ዓይኗ ፈረመች፣ ሥራውንም አገኘች።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ዓመት ማኅበሩ አንድ ትልቅ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን በሐሰተኛ ሪፖርት ሊከስ ሲዘጋጅ፣ አምሳለ ሌላውን ከመቁጠራችን በፊት እኛው እንቆጠር የሚል ሐሳብ አቀረበች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረት ለእሷ አይሠራም። የሠራተኛውን ፋይል በሙሉ ራሷ አገላብጣ ስታበቃ የቀረው የገዛ ፋይሏ ነበር፣ ከፈተችው። ቀኑን አየች። አብሮ የታሰረውን የፈተና ውጤትም አየች፤ ከዚያች ሌላ ሴት ጋር ነጥባቸው እኩል ነበር። ቀኑ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቅድሚያው ለዚያች ሴት ስለሚሆን፣ ወንበሩ የእሷ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጣች። የፎርሙን ቅጂና የታፈሰን መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

"ይሄን ማን እንደሞላው ታስታውሳለህ?" አለችኝ።

ጽሑፌን ሳየው አወቅሁት። ሰባት ቁጥርን እንደ እኔ በመሃል የሚሰርዝ ሰው ከቤተሰባችን የለም። "ያን ሰሞን ማን ምን ያስታውሳል፣ እትዬ?" አልኳት።

እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች። የማኅበሩ ኃላፊ ታንዴካ ልታጣት እንደማትፈልግ፣ ጠበቃው ግን መፍትሔው አንድ ነው እንዳለ ነገረችኝ። ፎርሙን የሞላው ሰው በዘመን አቆጣጠር እንደተሳሳተ ምሎ አፊዳቪት፣ ማለትም የጽሑፍ ቃለ መሐላ፣ ከሰጠ፣ የቅንነት ስሕተት ሆኖ ይታለፋል፤ ወንበሩን ብትለቅም በማኅበሩ በሌላ ሥራ ትቆያለች። ምስክር ከሌለ ግን የተቋራጩ ጠበቆች አጭበርባሪ ይሏታል፣ ክሱም አብሮ ይወድቃል። ይህን ብላ ውሃዋን ጠጣችና ጠበቀችኝ።

የዜግነት ማመልከቻዬ ሆም አፌርስ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ሐሰት የሞላ ይታሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈራሁ። ዝም ብለሽ ቀኑን አስተካክዪውና ይለፍ፣ ማን ያውቃል አልኳት። ስንቱን ኩባንያ በዚሁ እንደወነጀለች አስታወሰችኝ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛ ወጣች።

ቦርዱ ፊት የሆነውን የሰማሁት ከታንዴካ ነው። ጠበቃው ማን እንደሞላው ደጋግሞ ቢጠይቃት አምሳለ "ፊርማው የእኔ ነው" ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። አሥራ ሦስት ወር ስላለው ዘመን አቆጣጠር ብታስረዳቸውም ለግማሾቹ የፈጠራ ወሬ መሰላቸው። የሚምልላት ሰው አልነበረማ። ክሱ እንዳይበላሽ ብላ በገዛ ደብዳቤዋ ለቀቀች። ታንዴካ እያለቀሰች "ወንድሜ፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገን" አለችኝ። ያ ሰው ፊቷ እንደቆመ አላወቀችም።

አምሳለ ያችን ሌላ ሴት አፈላልጋ ደወለችላት። የሆነውን ሁሉ ነግራ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ "አሥራ ሁለት ዓመት" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ይህን የነገረችን አምሳለ ራሷ ናት። አሁን ቤቷ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ታስጠናለች። ክሱ ያለ እሷ ቀጥሏል፤ ሌሊትና ቀን የደከመችበት ሪፖርት ስሟ ከላዩ ተሰርዞ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እኔ አነበብኩት፣ እሷ አላነበበችውም።

ባለፈው ወር ዮአዳን ሥራ አገኘች። እሑድ ምሳ ላይ ተሰብስበን ሳለ ያንኑ ዓይነት ፎርም ይዛ መጣች። እሷ እዚሁ የተወለደች ዜጋ ስለሆነች ማንም ከተገፉት ቁጥር ውስጥ አትገቢም አይላትም። እንደ ልማዷ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

"ጋሼ፣ ፕሊስ አንተ ሙላልኝ፣ ትችልበታለህ" አለች።

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ። አምሳለ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ እጇን ሰደደችና ወረቀቱን ከፊቴ ቀስ ብላ ወሰደችው፤ ለልጇ መለሰችላት።

"ራስሽ ሙዪው፣ ልጄ" አለቻት። "ስሕተት ቢገኝበት፣ የሞላሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ይኑረው።"

ወደ እኔ ዞር አላለችም። ዮአዳን አንዴ እናቷን አንዴ እኔን እያየች፣ የምናገረው ያለኝ መስሏት ጠበቀች። እስክሪብቶዬን ወደ ኪሴ መለስኩ።