ብርቱካን የነካ ጣት

አንድ ተራ ቀን የላቦራቶሪ ሠራተኛዋን ዓይኗንና ትዕግሥቷን ያስከፍላታል። ጠዋት ልጇን ለጎረቤት አስረክባ ተጋፍታ ታክሲ ትሳፈራለች፤ ከዚያ እስከ ማታ ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ስታፈጥ ትውላለች። ማታ ልጇ «እማ፣ እዪኝ» ሲላት የሚቀራት የዓይን እንጥፍጣፊ ነው።

ወረቀቶቹ ኮሌስትሮል መለኪያ ናቸው፤ ገና በሙከራ ላይ ያሉ። ጠብታ ደም ሲነካቸው፣ ኮሌስትሮሉ በበዛ ቁጥር ሰማያዊነታቸው ይደምቃል። ቀለሙን የሚያወጣው ናኖ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው፤ የኢንዛይምን ሥራ አስመስሎ ይሠራል፣ እንደ ኢንዛይም ግን ቶሎ አይበላሽም።

ታላቅ ወንድሟ ጭማቂ ቤት አለው። ሐኪም ለኮሌስትሮል ኪኒን ካዘዘለት ወዲህ ኪኒኑን እንደ ባላንጣ ነው የሚያየው። አባታቸውን በድንገት የነጠቃቸው የልብ ሕመም ስለሆነ እሷም አትለቀውም። ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄዳ፣ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ፣ ጣቱን በደረቅ ጥጥ ጠረግ አድርጋ ወጋችው። ወረቀቱ እንደነጣ ቀረ። እሱም ለሰልፈኛው ሁሉ አሳይቶ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ተገላገለ።

ደስ አላት። ሽንኩርት ስትከትፍ ግን ያ ንጣት ከፊቷ አልጠፋም። ትናንት ለልጇ ብርቱካን ስትልጥ እጇ ቀጥ አለ። ቫይታሚን ሲ ሰማያዊውን እንደሚያጠፋ ታውቃለች፤ የወንድሟ ጣት ደግሞ ብርቱካን ውስጥ ሲዘፈቅ ነው የሚውለው። ልጇን አዝላ፣ በግማሽ የተላጠውን ብርቱካን እጁ ላይ ትታ ወደ ወንድሟ ሱቅ ወጣች።

ስትነግረው ሳቀባት።

«እታለም፣ ያን ለታ ወረቀትሽ ጎበዝ ነበር። ዛሬ ጥፋቱ የጣቴ ሆነ?»

«የኔ ነው። ሳላስታጥብህ ወጋሁህ። በሳሙና ታጠብልኝ፣ ወንድምዓለም።»

«እምቢ ብልስ?»

«በር ላይ ቆሜ ለገባው ሁሉ ስለ ኮሌስትሮል አወራለሁ።»

እያጉረመረመ ታጠበ። ወረቀቱ ጠብታውን መጠጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንሰራፋ። ወንድሟ ቀልዱን ትቶ መሳቢያውን ከፍቶ ኪኒኑን ዋጠ፤ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ በደንብ ሊመረመርም ቃል ገባላት።

እሷ ግን አሁንም አላረፈችም። ወረቀቱን ለመሞከር ገበያ ውስጥ የወጋቻቸው ሌሎች ጣቶች እየመጡባት ነው፤ ሎሚ ሻጯ፣ ቲማቲም ጫኙ። እነሱን አንድ በአንድ ፍለጋ ከመውጣቷ በፊት እናንተንም ትለምናለች፦ ጣታችሁን ለመርፌ ከመስጠታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የነጣ ወረቀት ቢያስደስታችሁም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ኪኒናችሁን አታቋርጡ።