ያላሳፈረችኝ ላንድሮቨር

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በምሸጠው ዕቃ አይደለም። አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጥቶ "እስኪ ነይና እይልኝ፤ ግዛ ካልሽኝ እገዛለሁ" ይለኛል። ሴት ሆኜ መኪና ሥር ስገባ መጀመሪያ ላይ የሚስቁ ነበሩ። እየቆየ ሳቁ ቀረ፤ እንዲያውም "እሷ ካየችው አለቀ" ማለት መጣ። እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በልጅነቴ የሚነዳት በንጉሡ ጊዜ የገባች አረንጓዴ አጭር ላንድሮቨር ነበረች። የአምባሰልን ገደልና ጭቃ እንደሷ የሚችል መኪና እንደሌለ ሲነግረኝ አደግሁ። በከተማው ስሙ የሚነሣው ደግሞ በአንድ ነገር ነበር፤ የመንግሥትን መኪና ለግል ጉዳዩ አንድ ቀን እንኳ አስነሥቶ አያውቅም ይባላል። ምስክሩ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስመላለስ፣ ክረምት ላይ፣ ዝናብ እየደበደበኝ ጭቃውን ሳቦካ በአጠገቤ ያልፋል። አይቆምም። ጥሩምባ እንኳ አይነፋልኝም። ጓደኞቼ "ያ አባትሽ አይደል?" ሲሉኝ "መኪናው እኮ የመንግሥት ነው" እላቸው ነበር። ርጥብ ቀሚሴን እየጨመቅሁ እኮራበት ነበር።

ባለፈው ዓመት ላንድሮቨሯ ለጨረታ ወጣች። ብዙ ዘመን በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ከዋንዛ ዛፍ ሥር፣ የወፍ ኩስ እየወረደባት ቆማ ኖራለች። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ሱቄ መጣ።

"ወጣች" አለኝ።

ማን እንደወጣች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"መጀመሪያ ትታይ" አልኩት።

"እኔ የማላውቀው ምን አላት?"

"አንተ የምታውቃት ጤነኛ ሳለች ነው፣ አባዬ።"

ይህን ስለው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ስለዋጋው እያሰበ መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን ማየት የተፈቀደበት ቀን አብረን ሄድን። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ካሰብኩት በላይ ነበር። አብዛኛው ወሬ ሊያይ የመጣ የከተማ ሰው ነው። ከእኛ ሌላ ለመግዛት የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አሮጌ መኪና እየገዛ እንደ አዲስ የሚያድስ ጨዋ ሰው ነው፤ "ክላሲክ" ይላቸዋል፤ ሲናገር ድምፁ ራሱ ዝቅ ይላል። ሌላው የደሴ ነጋዴ ነው፤ መኪናን የሚያየው በኪሎ ነው፤ ቆራርጦ ብረቱን ይሸጣል። በሩን የከፈቱልን የግቢው ጥበቃ ናቸው። የእሳቸው ወንድም፣ አባቴ ወደ ሌላ መኪና ከተዛወረ በኋላ፣ ይህችኑ ላንድሮቨር ይነዳ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። መጠጥ ይወድ ነበር። "መኪናዋ ወደ ግራ ትስበኛለች" እያለ ለአለቆቹ ያመለክታል፤ እነሱ ደግሞ "የሚስብህስ አረቄው ነው" ይሉታል። ሰውየው ከሞተ በኋላም ቀልዱ አልሞተም። አባቴም ከሰው ጋር ሲስቅበት በልጅነቴ ሰምቻለሁ።

ላንድሮቨር ለማያውቀው ሰው አታላይ ነው። ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ቀለሙ ቢላጥም፣ መስታወቱ ቢረግፍም፣ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጉዱ ያለው ከሥር፣ መኪናውን በሙሉ በሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲው ላይ ነው። እኔ ግን ከላይ ጀመርኩ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይቱን መለኪያ መዘዝኩ፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል እንጂ ወተት አልመሰለም፤ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው። ማርሹን አንድ በአንድ አስገባሁ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያውቃል። ወንበሩን አይጥ በልቶታል፤ እሱ ችግር አይደለም። ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የአዲስ አበባው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይከተለኛል። ሰው እያየኝ ነበር፤ መታየቱን ወድጄዋለሁ።

የግራውን በር ስዘጋው ክፍተቱ ከላይ ጠበበ፣ ከታች ሰፋ። ከፍቼ ደግሜ ዘጋሁት።

"ይህች መኪና አንድ ጊዜ ክፉኛ ተመትታለች" አልኩ።

"በሩ የራሷ ላይሆን ይችላል" አለ አባቴ።

ካርቶን አንጥፌ ወደ ሥር ልገባ ስል ክንዴን ያዘኝ። "ተይው በቃ። ልብስሽ ይቆሽሻል።"

ስንት መኪና ሥር ሲያስገባኝ ስለ ልብሴ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ልብ ብል ኖሮ እዚያው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሰው እየጠበቀኝ ነበርና ክንዴን አስለቅቄ ገባሁ።

በጀርባዬ ተንጋልዬ ሻንሲውን ከኋላ ወደ ፊት በመዶሻ እያንኳኳሁ መጣሁ። ጤነኛ ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ የታመመው ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ ጀምሮ ደህና ሲጮኽ መጥቶ ከፊት በግራ በኩል ስደርስ ታፈነ። በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሬንጅ ተላጠ። ከሬንጁ ሥር ላሜራ ተበይዷል። የላሜራውን ጠርዝ ፈልቅቄ ስከፍተው፣ ብረቱ እንደ ወረቀት ታጥፎ፣ ከእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ይታያል።

"ኑ እዩ ጉድ!" ብዬ ከሥር ጮኽኩ። "ሻንሲው ተሰብሮ ነው ላሜራ የለጠፉበት! እንዳይታይ ደግሞ ሬንጅ ቀብተውታል! ይህን የሠራ ሰው እጁ ይሰበር! ሰው ይጫንበታል ብሎ አላሰበም? ይህ እኮ ነፍስ ማጥፋት ነው!"

"ያ ሰካራም ነዋ!" አለ የደሴው ነጋዴ፤ ቀልዱን እሱም ያውቀዋል ማለት ነው። "ወደ ግራ ሳበችኝ የሚለው ለካ ራሱ አጋጭቷት ኖሯል!"

ሰው ሳቀ። እኔም ከሥር ሆኜ "ከሱ ሌላ ማን ይሆናል!" አልኩ።

ከሥር የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነበር። የጥበቃው ጫማ ከሰዉ ጫማ ነጠል ብሎ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። ከዚያ የአባቴ ሸበጥ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

"እሱ አይደለም" አለ አባቴ። ድምፁ ቀጭን ሆነብኝ። "በሟች አትሳቁ። እኔ ነኝ የሰበርኳት። ያስበየድኩትም፣ ሬንጁን የቀባሁትም እኔ ነኝ።"

መዶሻው ደረቴ ላይ ነው። እጁ ይሰበር ያልኩት የአባቴን እጅ ነው።

"የግሸን ንግሥ ሰሞን ነበር" አለ። "አለቃዬ ደሴ ሄዷል። ተሳላሚ በየመንገዱ መኪና አጥቶ ቆሟል። ሒሳብ እየተቀበልኩ ጫንኩ። በመልሱ ዝናብ ያዘን፤ ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተተኝና ከድንጋይ ጋር ተጋጨሁ። ሰው አላህ አተረፈልኝ። እንጀራዬን ፈርቼ ደሴ ወስጄ በድብቅ አሠራኋት።"

ለመውጣት አፈርኩ። እዚያው፣ የደረቀ ዘይትና አቧራ እየሸተተኝ፣ ሰዉ እስኪበተን ብተኛ ደስ ባለኝ። ግን የደሴው ነጋዴ ማጨብጨብ ሲጀምር ሰማሁ።

"ወላሂ እናንተ ጎበዞች ናችሁ! ልጅ ከሥር ትጮኻለች፣ አባት ከላይ ያለቅሳል! ዋጋ እንዲህ ነው የሚወርደው! ነገ በብረት ዋጋ ወስደዋት እናያለን!"

ያኔ ሰዉ ከምሩ ሳቀ። ወጣሁ። ፀጉሬ ውስጥ አፈር ገብቷል፣ ሻሼ ተንሸራትቷል። "ድራማ አይደለም" ልል ብዬ ተውኩት። ድራማ አይደለም ማለት አባቴ ያለው እውነት ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባው ሰው ዓይኑን ከኔ አሸሸ። ጥበቃው በሩን ሲከፍቱልን የአባቴን ሰላምታ አልመለሱም።

ወደ ቤት በዋናው መንገድ መሄድ አቃተን፤ ሳንነጋገር ሁለታችንም ወደ ሐይቁ በሚወርደው የውስጥ መንገድ ታጠፍን። ዓሣ የሚሸጡት ጋ ስንደርስ ሰው ቀና ባለ ቁጥር ወሬው ቀድሞን የደረሰ ይመስለኝ ነበር። ካለፍናቸው በኋላ ቆምኩ።

"እኔን ለምን አላሳፈርከኝም?" አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሌላም ፍቺ እንዳለው ሰማሁት። አባቴም ሰማው መሰለኝ።

"በዝናቡ ነው የምትዪኝ?"

"በዝናቡ። በአጠገቤ ስታልፍ። የማታውቃቸውን ሰዎች በገንዘብ ከጫንክ እኔን ለምን አላሳፈርከኝም?"

"አንቺን ብጭን ሁሉ ያይሻል" አለ። "ልጁን ጫነ ይሉኛል። እነሱ ግን መንገደኞች ናቸው። ማን ያውቃቸዋል?"

የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ሰበብ አልጨመረበትም። ቢዋሸኝ ኖሮ የምቆጣበት ነገር አገኝ ነበር። ስኮራበት የኖርኩት ያ በአጠገቤ ማለፍ ታማኝነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን ነገረኝና ዱላውን እየተመረኮዘ ቀድሞኝ ሄደ። እኔም ከኋላው ሄድኩ። በልጅነቴ የኮራሁት ያ ኩራት፣ ለጓደኞቼ ያልኩት ሁሉ፣ እንደ አዲስ ፊቴን አቃጠለው።

የጨረታው ዕለት ጠዋት "አንሄድም" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ለብሶ መጣ።

"ልንገዛት ነው?" አልኩት።

"አንገዛትም። ብንገዛት ያ ሰው ያለው እውነት ይሆናል።"

"ታዲያ ምን እንሠራለን?"

"ዝም ብለሽ ነይ።"

ግቢው እንደደረስን በቀጥታ ወደ አዲስ አበባው ሰው ሄደ። "ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ" ብሎ ከመኪናዋ ጎን ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማኝ። የሰውየውን ጣቶች ይዞ እጥፋቱ ላይ አሳረፋቸው። "ከዚህ እስከዚህ ተቆርጦ አዲስ ብረት ይገባል። ከዚህ ወዲያ ጤነኛ ነው። የማርሽ ካምቢዮዋን አታስፈታ፤ እሱ ንጹሕ ነው።"

ሰውየው ከአባቴ ወደኔ አየ። የትናንቱ ነገር በልቡ እንዳለ ያስታውቃል። "እናንተስ አትጫረቱም?"

"አንጫረትም" አለ አባቴ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ? ታዋጣለች?"

በሥራዬ እንዲህ የከበደኝ ጥያቄ የለም። ታዋጣለች ብል የተሸጥኩ ልመስል ነው፤ አታዋጣም ብል ደግሞ ዋጋ የማወርድ። "ነገ ጠዋት አስነሥተህ ልትነዳት ከሆነ ተዋት" አልኩት። "ፈትተህ እንደገና ልትሠራት ከሆነ፣ ጊዜም ትዕግሥትም ካለህ፣ እንዲህ ሙሉዋን የቆየች አታገኝም። ብረቱ የተሰበረው አንድ ቦታ ነው።" ይህን ስል ወደ ሕዝቡ አልዞርኩም፤ ድምፄንም ከፍ አላደረግሁም።

የደሴው ነጋዴ የብረቱን ዋጋ ጠራና ከዚያ አልነቃነቅ አለ። የአዲስ አበባው ሰው ጨምሮ ወሰዳት።

ሰዉ መኪናዋን ስቦ ለመጫን ሲተጋገዝ አባቴ ወደ በሩ ሄደ። ጥበቃው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አልተነሡለትም። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ግን ይሰማኝ ነበር።

"ይቅር በለኝ" አለ አባቴ።

"ወንድሜ ወደ ግራ ትስበኛለች ሲል ነበርክ" አሉት። "ሲስቁበት አብረህ ትስቅ ነበር።"

"ስቄያለሁ።"

"ለእሱ ነበር መንገር። እኔ ምን አደርገዋለሁ?"

ጥበቃው እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉት፤ ይቅር አሉትም አላሉትም አላውቅም። እኔም "ከሱ ሌላ ማን ይሆናል" ያልኩት ሴት ነኝና በአጠገባቸው ሳልፍ "ይቅርታ አባባ" አልኩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ወሬው ከከተማው አልጠፋም። የሚወራው ግን አባቴ ያለው አይደለም፤ የደሴው ነጋዴ ያለው ነው። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች እየሳቁ "ያቺን ላንድሮቨር ዋጋ ልታወርዱ ብላችሁ አመለጠቻችሁ አሉ!" ይሉኛል። አንዳንዱ እንዲያውም ያደንቀናል። መጀመሪያ ላይ "አይደለም፣ እውነቱ እንዲህ ነው" እያልኩ ለማስረዳት እሞክር ነበር፤ አያምኑኝም። አሁን ትቼዋለሁ። ዕቃቸውን ሰጥቼ አብሬያቸው ፈገግ እላለሁ። ዘዴኛ መባሉ አባቴ ካደረገው፣ እኔም ከተናገርኩት፣ ይቀልላል። ሰዎቹ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ያ ፈገግታ ፊቴ ላይ ቀርቶ አገኘዋለሁ፤ ያኔ ነው የማፍረው።