የጋሽ ተርትረው ጣሳ

አጎቴን እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ “ጋሽ ተርትረው” ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ከስፌት ቤቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጫማ ጠጋኙና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ናቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ሲሰሙ ይውላሉ። ስፌት ከጠመመ፣ ክር ከላላ፣ የኪስ አፍ ትንሽ ካዘነበለ፣ አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያየውና ድምፁን ከፍ ሳያደርግ “ተርትረው” ይላል። አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ የተቆጣ ሰው ሲበርድለት ይማጸኑታል። እሱን ግን ምን ብለው ይማጸኑታል?

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። ስፌት ቤቱ የገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ የጀመርኩትን ትምህርት አቋርጬ፣ ከሁለት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። እናቴ “አንቺን የሚችልሽ ወንድሜ ብቻ ነው” ብላ ላከችኝ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፤ ዛሬም ብዙ አልራቀችም። የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። አጎቴ ግንባሬን ስሞ፣ “አርፍዶ የሚመጣ ሰው አልወድም” አለና አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

“ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?”

“ትምህርት ቤትሽ ነው።”

የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ የስፌት መኪናው ሥር የራሱ ጣሳ አለው። ተርትሮ ያወጣውን ክር መሬት ላይ አይጥልም፤ ጣሳው ውስጥ ይጨምራል። ጣሳው ተጠቅጥቆ ሲሞላ አጎቴ ከከፋይ ቁራጭ ትንሽ ትራስ ይሰፋና ያንን ክር ይሞላበታል፤ የመርፌ መሰኪያ ይሆናል። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ “ሰፊ” ይባላል። እስከዚያ ድረስ ፂሙ ቢሸብትም “ልጁ” ነው። የአጎቴ የራሱ ትራስ፣ ከመምህሩ የተቀበለው፣ ቀለሙ ለቆ መኪናው ራስ ላይ ተቀምጧል። “በገዛ ጥፋትሽ ላይ መርፌሽን ትሰኪያለሽ፤ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ከየት ታመጫለሽ?” ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ጠዋት ጠዋት፣ መዝጊያው ከተከፈተ በኋላ፣ ካውያው እስኪግል ድረስ ይጸልያል። ረጅም ጸሎት አያውቅም። ቀኝ እጁን መኪናው ላይ ያሳርፍና “ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ያጣመምኩትን አሳየኝ፤ ስተረትር እንዳላኮርፍ እርዳኝ” ይላል። አሜን እንላለን። እኔ ከአሜኑ ቀጥዬ ማኩረፍ እጀምራለሁ።

አንድ ቀን የሱሪ ዚፕ ሦስት ጊዜ አስተረተረኝ። በሦስተኛው ሱሪውን አሽቀንጥሬ ወረወርኩት። ካውያው አጠገብ ወደቀ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አጎቴ ሄዶ አነሳውና አራግፎ መጣ፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ ሰው እኮ ይደክመዋል” አልኩት እያለቀስኩ። “አሁን ይሄን ማን ያየዋል?”

“ይደክመዋል” አለኝ። “እኔ ላይ እግዜር ስንት ዓመት እንደ ደከመ ብነግርሽ አታምኚኝም። በወጣትነቴ አንደበቴ ክፉ ነበር። ሚስቴን፣ እትዬሽን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አስለቅሻታለሁ። ጥጋቤን፣ ምላሴን፣ ሁሉን ነገሬን አንድ በአንድ ነው የተረተረኝ፤ ሲያመኝ ‘ጠላኝ’ እያልኩ አማርረው ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። አንቺ ልጅ፣ የሚጣል ጨርቅ ማን ይተረትራል? ቢንቀኝ ኖሮ እንደ ጠመምኩ ይተወኝ ነበር።”

ሱሪውን ጭኔ ላይ ዘርግቶልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ተረተርኩት። ጣሳዬ በአራት ዓመት ሞላ። ከእኔ በፊት የነበሩት ስድስትና ሰባት ዓመት ስለፈጀባቸው ጉራዬን ልነዛ ስል፣ “በችሎታሽ መሰለሽ? በጥፋትሽ ብዛት ነው” ብሎ አሳቀብኝ። ያቺ ትራስ አሁንም አጠገቤ ናት። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ነገር ሁሉ እንደ እሷ የምወደው የለኝም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ካፖርት ሲቆርጥ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። አጎቴ መቀስ ጥሎ አያውቅም። ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ሲወጣ አንደበቱና እግሩ ተርፈውለታል። ቀኝ እጁ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ቤታቸው ከስፌት ቤቱ በላይ ነው፤ አሥራ ሦስት ደረጃ ነው ያለው። እዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒስት ትመጣለት ጀመር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማታውቅ ወጣት ናት። እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ “ኮሎኔሏ” አለቻት። የልብስ መቆንጠጫ በቀኝ እጁ እየከፈተ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ እንዲሰካ አዘዘችው፤ ጠዋት መቶ፣ ከሰዓት መቶ። ባቄላ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እንዲለቅም አዘዘችው። “የኔ መቀስ እንኳ በዕድሜ ትበልጣታለች” እያለ አጉረመረመ፤ ግን ታዘዘ። ባቄላው ወለሉ ላይ በተበተነ ቁጥር ኮሎኔሏ “እንደገና” ትላለች። እትዬ ጓዳ ገብታ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቅ ነበር። “አርባ ዓመት የበተነውን ‘ተርትረው’ ዛሬ መለሱለት” አለችኝ።

በሦስተኛው ወር ደግፈን አወረድነው። ከመኪናው ፊት ተቀምጦ የትራስ ልብስ ቅምቅማት ልስፋ አለ። ፔዳሉን እግሩ አልረሳውም። ጨርቁን በግራ እጁ እየመራ፣ በቀኙ ለመያዝ እየታገለ፣ አንድ ጫፍ ሰፋና አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ስፌቱ የሰካራም መንገድ ነው። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እትዬ አየችኝ፤ አየኋት።

“በጣም ያምራል ጋሼ” አልኩት። እትዬም “እሰይ፣ እጅህ ተመልሷል” አለች።

አጎቴ ጨርቁን ከእጄ ወሰደና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። አንገቱ ላይ ለአርባ ዓመት የዋለውን ሜትር አወለቀ፣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ “አውጡኝ” አለ።

ከዚያ በኋላ አልወረደም። መቆንጠጫውንም፣ ባቄላውንም ተወ። ኮሎኔሏ ስትመጣ “ዛሬ ደክሞኛል” ይላታል፤ በሚቀጥለውም “ደክሞኛል”። ጠዋት እኛ ታች ስንጸልይ ከታመመ ወዲህ ከላይ አሜን ይል ነበር፤ እሱም ቀረ። ለሥራው ብቻ ቢሆን ግድ የለም፣ እኔ አለሁ። የጨነቀኝ ሰውየው ከእጃችን እየወጣ መሆኑ ነው። ኮሎኔሏ አንድ ቀን በር ላይ ያዘችኝ።

“እጁ ሊሠራ ይችላል” አለችኝ። “ግን አሁን ነው። እነዚህን ወራት ካባከናቸው እንደዚሁ ይቀራል። ምን ተፈጠረ?”

የትራስ ልብሱን ነገር ነገርኳት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። “እኔ ጎበዝ የምለው ጎበዝ ሲሆን ብቻ ነው። ይሄንን ደግሞ እሱ ያውቃል” ብላኝ ወረደች።

ወደ ክፍሉ ስገባ አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። የትራስ ልብሱ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። አፈርኩ። የሠራሁትን ውሸት ከፊቱ ላጥፋ ብዬ ከኪሴ ምላጭ አውጥቼ ቅምቅማቱን መተርተር ጀመርኩ። የክሩን ድምፅ ሰማ። ሳይዞር፣

“ተይው” አለኝ። “የሚጣል ጨርቅ ነው።”

ስለ ጨርቁ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚጣል ጨርቅ እንደማይተረተር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በውሸት ባመሰገንኩት ጊዜ እኔው ነኝ የጣልኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንደ ልማዴ ተናደድኩ፤ ንዴቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ሥራ ሠራ። ወርጄ ባዶ ጣሳ ፈለግኩ። ጣሳውን ይዤ ወጣሁና ራስጌው ያለው ጠረጴዛ ላይ ጓ አድርጌ አስቀመጥኩት። ዞሮ አየው።

“ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንከፍታለን” አልኩት። “አርፍዶ የሚመጣ ሰው አልወድም።”

“ማነሽና ነው አንቺ እኔን የምታዢኝ?”

“ሰፊ ነኝ። አንተ በግራ እጅህ ቀጥ አድርገህ ሰፍተህ አታውቅም፤ ስለዚህ ልጁ ነህ።”

ከጓዳ የእትዬ ሳቅ ተሰማ። ሳቋን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎ ነበር። አጎቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፣ ይመጣል አይመጣም የማውቀው ነገር ሳይኖር ወረድኩ።

በማግሥቱ መዝጊያውን ከፍቼ ካውያውን ሰካሁ። እጄን መኪናው ላይ አድርጌ፣ “ጌታ ሆይ፣ ከመጣ እንዳልዋሸው እርዳኝ” አልኩ። አሜን ሳልል የደረጃው እንጨት ሲያቃስት ሰማሁ። አሥራ ሦስቱንም ቆጠርኩ። እትዬን በአንድ እጁ ተደግፎ፣ ጣሳውን በብብቱ ይዞ ገባ። ሩብ ሰዓት አርፍዷል። ዝም አልኩ፤ እኔም ያኔ ያረፈድኩት ሩብ ሰዓት ነው።

ያንኑ የትራስ ልብስ ሰጠሁት። ሰፋ። ብዙ ቆየ። አውጥቶ አቀበለኝና ዓይኖቼን ያይ ጀመር። አንድ ስንዝር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዷል፣ ከዚያ ዘንበል፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፍቷል። ይህን የታመመ ሽማግሌ፣ እንደ አሳዳጊዬ የማየውን ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ላብ በኋላ ልለው የነበረው ነገር ከበደኝ። የጎረቤታችን የጫማ ጠጋኙ መዶሻ እንኳ ቆሟል፤ ግድግዳው ስስ ነው።

“ጋሼ” አልኩት፣ “ተርትረው።”

ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። ማልቀሱንም አለቀሰ፣ ግን እየሳቀ ነው።

“ከየት ጀምሮ ነው የጠመመው?”

“ከስንዝሩ በኋላ።”

“እኔም አይቼዋለሁ” አለ። “ምላጭ አምጪልኝ።”

ጨርቁን በቀኝ እጁ መቆንጠጥ ነበረበት፣ በግራው ምላጩን ሊይዝ። እስከ ምሳ ድረስ ፈጀበት። የወጣውን ክር ለቅሞ ጣሳው ውስጥ ጨመረ፣ በጣቱም ወደ ታች ጠቀጠቀው። ከሰዓት በኋላ ከላይ የመቆንጠጫ ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። እትዬ ጮክ ብላ ትቆጥርለታለች።

አሁን ካፖርት አይቆርጥም። ቅምቅማት ይሠራል፣ ቁልፍ ይተክላል፤ ደንበኛ ሱሪ ሲያሳጥር “ጋሽ ተርትረው ይሥሩልኝ” ብሎ ይጠብቃል። ኮሎኔሏም ቀሚሷን የምታሳጥረው እሱ ዘንድ ነው፤ ሲጠምምበት “እንደገና” ትለዋለች።

ባለፈው ወር ጣሳው ሞላ። ድንገተኛ አልሆነብኝም፣ ቀኑን ስጠብቅ ነበር፤ የከፋይ ቁራጭ አስቀምጫለሁ። ክሩን ሞልቼ ትራሷን ሰፋሁና ጠዋት ከጸሎት በኋላ በሁሉም ፊት በሁለት እጄ ሰጠሁት። “ከዛሬ ጀምሮ ሰፊ ነህ ጋሼ” አልኩት። እትዬ ዕልል ልትል አፏን ከፍታለች። አጎቴ ትራሷን በቀኝ እጁ ያዛት፣ በዚያ በቀኝ እጁ፤ ገለበጣት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

“ጠርዟ ጠምሟል” አለኝ። “ተርትሪው።”

ተረተርኩት፤ ክሩንም ለራሴ አንድ ባዶ ጣሳ ፈልጌ ውስጡ ከተትኩት።