ወንድሜን ያቆምንበት ሐይቅ

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት የቀረን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ለመንጃ ፈቃድ የተነሳው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው። እናቴ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አሠራልኝ ስትለኝ፣ ጉርዱን ይዤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፎቶ ቤቶቻችን ጉርድ ፎቶ ያሳድጋሉ። የሌለውን ሰውነት ከሌላ ሰው ፎቶ ወስደው ይቀጥላሉ፤ ከኋላው ደግሞ ደንበኛው የመረጠውን አገር ያደርጋሉ።

«አቦ ቲቸር፣ ይሄን ውሰድ» አለኝ ፎቶ አንሺው። «ሁሉም የሚወደው ይሄን ነው።»

በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ከሥራቸው ሰማያዊ ሐይቅ። እሺ አልኩ።

እናቴ ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው፣ እማዬ።»

«በሸሚዝ ብቻ? ምነው ጃኬት አድርጉለት ብትል?»

ሳቄ መጣ። ቀና ስል ግን እያለቀሰች ነበር። ፎቶውን ገልብጣ አስቀመጠችው።

እናቴ የተወለደችው ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው። አግብታ ድሬዳዋ ከወረደች በኋላ ሐይቁ ደረቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሄዳ አላየችውም። ውሃው እየተመለሰ መሆኑን የነገራት ወንድሜ ነው። «እረፍት ስወጣ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። እንግዲያው እዚያ አቆመዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

መልክዓ ምድር ማንሳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼንም አሰለቻቸዋለሁ። ሐይቅ ነፋስ ሳይጀምር በጠዋት ይነሳል። ካሜራው ወደ ውሃው ዝቅ ካለ ተራራው ከነጥላው ሁለት ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ከሰፈሬ ከሳቢያን በባጃጅ መናኸሪያ ደርሼ፣ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ሐይቁ ካሰብኩት ያነሰ ነበር። ዳሩ ጭቃ ነው፤ አንድ የውሃ ፓምፕ ይንደቀደቃል፤ ከማዶ ተራሮቹ ገና ጭጋግ ውስጥ ናቸው። ፓምፑን ከፎቶው አስቀረሁት። በግራ በኩል ግን ሰው የሚቆምበትን ያህል ቦታ ተውኩ። ያንን ባዶ ቦታ በካሜራው ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እስኪጠራልኝ ጠበቅኩ።

ፎቶ ቤት ሲቀጠል ብርሃኑ አልገጠመም። ሐይቁ ላይ ፀሐይ ከቀኝ ትመጣለች፤ የወንድሜ ፊት ግን በፍላሽ ስለተነሳ ጥላ የለውም። ይህንን ዘርዝሬ አስረዳሁ።

«ማን ያየዋል፣ ቲቸር?» አለኝ ፎቶ አንሺው።

አዲሱን ፎቶ ስሰጣት እናቴ ጣቷን በተራሮቹ ላይ ቀስ እያለች አስኬደች። «እዚህ ጋ ነበር ቤታችን» አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ጣቷ ወንድሜ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አገሩስ ልክ ነው። እሱ ግን ሳያደርሰኝ ነው የሄደው። አውጣልኝ።»

«ሐይቁን?»

«እሱን። ሐይቁን ተውልኝ።»

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ተመለስኩ። እናቴ ያለችውን ስነግረው ፎቶ አንሺው የኮምፒውተሩን አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ወንድሜ ጠፋ። በቆመበት ቦታ ውሃው ረግቶ ተኝቷል።

«ይታተም?»

«ቆይ፣ መልሰው» አልኩት።

መለሰው። ሸሚዙን፣ ጥላ የሌለውን ፊቱን አየሁት።

«በቃ» አልኩ፤ «አሁን አጥፋው።»