ተገልብጦ የታሰረ ባትሪ

አባቴ ደውለው «ፔጆዋ የተቃጠለ ነገር ትሸታለች፤ ዲናሞው ነው መሰለኝ» ሲሉኝ ሱቄን ዘግቼ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬን በቦርሳዬ ይዤ እሳቸው ወደሚኖሩበት ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። የመኪና ሰው ባልሆንም መፍቻ እያቀበልኳቸው ያደግኩት እኔ ስለሆንኩ ከመካኒክ በፊት የሚደውሉት ለእኔ ነው። በማግስቱ ልጄን ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ሊያደርሱልኝ ተነጋግረን ነበር። በዚያች አሮጌ መኪና፣ በደንገጎ ቁልቁለት። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚያሳስበኝ የመኪናዋ ነገር ብቻ ነበር።

ገና ሁለተኛ እጅ ሲገዟት እንኳ ፔጆነቷ የቀረው ቆርቆሮዋ ላይ ብቻ ነበር። ሞተሩ ከሌላ መኪና የወጣ ነው፤ ቦታውን ስለሞላው ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ገብቷል። ሥራውን የሠራው ሰውዬ ያገኘውን ገመድ ተጠቅሞ ሁለቱንም የባትሪ ገመዶች ጥቁር አደረጋቸውና፣ ፖዘቲቩ እንዲለይ ጫፉ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቀለለበት። «ለጊዜው ነው» ብሎ ነበር። እኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር ባለቤቱን ይቀብራል።

መብራት በጠፋ ቁጥር አባቴ ባትሪውን ፈትተው ቤት ያስገቡና አምፖል ያበሩበታል። ሲነጋ መልሰው ያስሩታል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያን ሰሞን አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ነበር፤ ያሰረላቸውም ሻጩ ራሱ ነው። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቱት እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ምሽት፣ መብራት ሲጠፋ ነው።

ግቢው ስደርስ ደመናው ጋራው ላይ ወርዶ ተኝቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ቤቱ ድምፅ የለውም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። አባቴ ከመኪናዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ከእቅፋቸው ሳይለቁኝ «ደግሞ ከስተሽ መጣሽ» ብለው ይተርቡኛል። ያን ቀን ግን ኮቴዬን ሰምተው «ማነው?» አሉ።

ዋናው ፊውዝ ተበጥሷል። ሽታው የሚመጣው ከዲናሞው ነው። የኋላውን ወንበር አንስቼ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ናስትሮ ያለበት ገመድ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ በሌላው ላይ አሳረፍኩ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት መጣ። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አየሁ፤ አልተሳሳተም። ደግሜ ነካሁ፤ ያው ነው። ገመዶቹ ተገልብጠው ነው የታሰሩት። ጠባቡ የኔጌቲቭ ማሰሪያ ወፍራሙ የፖዘቲቭ ፖል ላይ አልገባ ስላለ በመዶሻ ተመትቶ ገብቷል፤ እርሳሱ ላይ ምቱ ገና ያበራል።

«አባባ፣ ይህን ማን ነው ያሰረው?»

«ማን ያስረዋል፤ እኔ ነኝ እንጂ።»

«ተገልብጧል እኮ።»

«አይገለበጥም። ፖዘቲቩ በበሩ በኩል ነው። ስንት ዓመት አስሬዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ የድሮው እንደዚያ ነበር። የአዲሱ ፖሎች ግን በተቃራኒው ናቸው። የመደመር ምልክቱ ጎላ ብሎ፣ ዙሪያው ቀይ ተቀብቶ ተቀምጧል፤ በእንቅልፍ ልቡ ያለ ሰው እንኳ አይስተውም። ንዴቴ መጣ። «ይህን የሚያህል ቀይ እንዴት አይታይዎትም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ተነስተው እጃቸውን ወደ ገመዱ ዘረጉ፤ ሳቱት። ወንበሩን ዳሰሱ፣ ከዚያ ናስትሮውን በአውራ ጣታቸው ፈልገው አገኙት። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈራሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የባሰብኝ ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው።»

«በዚህ ዓይን ነው ልጄን ደንገጎን ሊያወርዱልኝ የነበረው?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ።»

«ሰዉስ? ሰው እንደ ጉድጓድ አንድ ቦታ ይጠብቅዎታል?»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። አባቴ በሕይወታቸው ሳይከራከሩ የሰጡኝ ነገር ስለሌለ ይህ ከሁሉም ይበልጥ አስደነገጠኝ።

«ፊቷን እይልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የመኪናዋን ፊት።»

«ምን ሆነ?»

«ከትናንት ወዲያ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከሸዋ በር ገበያ ስመለስ የሆነ ነገር ነካሁ። ውሻ ነው ብዬ አልቆምኩም።»

ዞሬ ጎንበስ አልኩ። የቀኝ መብራቷ መስታወት ተሰንጥቋል። በመከላከያው ብረትና በቆርቆሮው መሃል ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክቷል። ስቤ ሳወጣው የውሃ ጀሪካን እጀታ ነው። እጅ እንዳይቆርጥ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል።

«ምን አገኘሽ?»

እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ፕላስቲኩን ዳበሱት፤ ጨርቁ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ባትሪውን ፈትቼ እዚያው ተውኩትና በእግራችን ወደ ሸዋ በር ወረድን፤ ማን እንደተመታ ለመጠየቅ። በየመንገዱ ያገኘነው ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም በድምፁ እየለዩ በስሙ ይመልሳሉ። በአንድ እጃቸው ክንዴን፣ በሌላው ያን ቢጫ እጀታ ይዘዋል።