ከሐኪሙ የደበቅሁት ራጅ

ልጄ ሐያት ማሳል የጀመረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ቢጫ አክታ ትተፋለች፤ አፍንጫዋም አይደርቅም። መርሳ ገበያ ላይ ማንጎ ስለምንሸጥ አቧራው ነው አልሁ። ትኩሳቱ ሲደጋገም ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብዬ ጎረቤቴን ሳይቀር ጠረጠርሁ፤ አላህ ይማረኝ።

በሁለት ዓመት ሦስት ክሊኒክ ዞርን። ሦስቱም ራጅ አነሷት፤ ሦስቱም የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ወጓት። ይሻላትና ወር ሳይሞላ መልሳ ትተኛለች። እነዚህ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል እንጂ መቼ መረመሯት አልሁ። ስለዚህ ወልድያ ሆስፒታል ስንሄድ ሦስቱን ራጅ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው። እኛ ዘንድ አዋቂ ቤት ሲኬድ ሕመም አይነገርም፤ ካወቀ ራሱ ይናገር ይባላል። ሐኪሙንም እንደዚያው ልፈትነው ብዬ ነው።

ከዚህ በፊት የተነሣችው ራጅ እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልሁ። አዲስ አስነሥቶ መድኃኒት ሰጠንና ተመለስን።

በሦስተኛው ወር ደም ተፋች። ብዙ አልነበረም። ግን ደም ነው። ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ወልድያ ወደዚያው ሐኪም መለስኋት።

"የቲቢ ምርመራዋ ነፃ ነው" አለ ሐኪሙ። "ራጁ ላይ ያለው ይኼ ጥላ ግን የቆየ ይሁን አዲስ፣ የድሮውን ሳላይ አልለየውም።"

በሚኒባስ መርሳ ወርጄ ሣጥኑን ከፈትሁ። ስመለስ ቀና ብዬ አላየሁትም። ራጆቹን መስኮቱ ላይ ደረደራቸው።

"ጥላው ሁሉም ላይ ያው ቦታ ነው፤ የቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል። ተራ ምች ቢሆን እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይቀመጥም።"

ደሴ ልኮን የደረትና የፊት ሲቲ ስካን ተነሣች። ሳይነሶቿ፣ በአፍንጫዋ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች፣ ግራና ቀኝ በመግል ተሞልተዋል፤ የሳንባዋ የአየር ቱቦዎች ሰፍተዋል፤ ብሮንኪኤክታሲስ ይሉታል። አዲስ አበባ የተላከው ደሟ ደግሞ በሽታ የሚከላከለው ኢሚውኖግሎቡሊን በጣም እንዳነሰው አሳየ። ኤችአይቪ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁ፤ አይደለም፣ አብሯት የኖረ የመከላከል አቅም ማነስ ነው አለኝ የወልድያው ሐኪም።

ዛሬ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ሲገኝ በደም ሥሯ እየወሰደች፣ ሲጠፋም በመከላከያ እንክብል እየተጠበቀች፣ ጠዋት ጠዋት አክታዋን በደንብ እያወጣች፣ አልሐምዱሊላህ ከእኔ ጋር ገበያ ትውላለች። የሰፋው ቱቦ ግን አይመለስም።

ያን ሐኪም ሳይቆጣኝ ስላከማት አመሰግነዋለሁ። እንደኔ ተጠራጣሪ የሆናችሁ፣ ጠርጥሩ፣ ደጋግማችሁም ጠይቁ፤ ራጅ ግን አትጣሉ፣ አትደብቁ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

በቅርቡ ሐያትን ይቅር በይኝ አልኋት። ለካ ራጆቹን ስቆልፍ አይታኛለች። ታዲያ ለምን ለሐኪሙ አልነገርሽውም አልኋት።

"ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው፣ እማ" አለችኝ።